ጭስ ጭስ የሚለው ሻይ

በወጣትነቴ የአንድን ሰው ሆድ ከሩቅ አይቼ ትናንት ማታ ምን እንደበላ፣ ስንት ግራም እንደበላና ከማን ጋር ተሻምቶ እንደበላ መናገር እችል ነበር። የእርሻ ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ በመላው ኢትዮጵያ፣ ምናልባትም ከእኛ ጀምሮ እስከ ህንድ ባለው ምድር፣ የሕዝብ ብዛትንና የእህልን ነገር እንደ እኔ የተረዳ ሰው አልነበረም። የሚጠራጠር ካለ የዚያን ጊዜ ደብተሬን ማየት ይችላል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ።

ከዚያ አፋር ወረድኩ። የሰው ሆድ ይቅርና የራሴ አፍ ውስጥ የሚገባውን እንኳ እንደማላውቅ አንዲት የካምፕ ወጥ ሠሪ አሳዩኝ።

ዘመኑ ደርግ ነው። ሁሉም ሰው ጓድ፣ ሁሉም ነገር ኮሚቴ የነበረበት ጊዜ። የመመረቂያ ጽሑፌ ርእስ በሦስት መስመር እንኳ አያልቅም ነበር፤ ባጭሩ ግን ከደጋ ወርዶ ጥጥ የሚለቅመው ወቅታዊ ሠራተኛ ምን ይበላል፣ ቁጥሩ ሲጨምርስ እህሉ ይበቃዋል ወይ የሚል ነው። አማካሪ መምህሬ ይህን ጉዳይ ሲያስተምሩ ሕዝብ እንደ ጥንቸል፣ እህል እንደ ኤሊ ነው የሚሄደው ይሉ ነበር። እኔም ጥንቸሉንና ኤሊውን ለመለካት አንድ ተንጠልጣይ ሚዛን፣ ስድሳ ቅጽ መጠይቅና ከልክ ያለፈ ልበ ሙሉነት ይዤ ተነሳሁ።

አዋሽ ጣቢያ ከባቡር ስወርድ ሙቀቱ ጥላዬን አባረረብኝ። ወላሂ፣ ጥላዬ ከፉርጎው ሥር ገብቶ አልወጣም አለ። ከአዋሽ በጭነት መኪና ጣሪያ ላይ ተሰቅዬ ቁልቁል ወደ ሎግያ አቅጣጫ ስሄድ፣ ኪሴ ውስጥ የነበረው ሻማ ቀልጦ ከሱሪዬ ጋር አንድ አካል አንድ አምሳል ሆነ። ዛሬ ሰመራ የምንላት ከተማ ያኔ አልተወለደችም፤ በቦታው ጥቁር ድንጋይና ንፋስ ብቻ ነበር፣ እነሱም የሚጣሉበት ሰው አጥተው እርስ በርስ ይፋጃሉ። ከዚያ ወደ አዋሽ ወንዝ ዝቅ ስንል ነው ጥጡ የመጣው፤ ዐይን እስኪደክም ነጭ። ስሙን የማልጠራው አንድ የመንግሥት እርሻ ካምፕ በር ላይ አወረዱኝ።

ካምፑ ውስጥ መቶ ያህል ለቃሚ አለ፣ አብዛኛው ከወሎ የመጣ። ለዚህ ሁሉ ሰው የሚያበስሉት፣ ሠራተኛውም አለቃውም እትዬ የሚላቸው ሴት ነበሩ። ዕድሜያቸው አርባን ያለፈ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው የሚያስሩ የወሎ ሰው። ከርሃቡ ሸሽተው ነው የወረዱት። አገር ቤት እናታቸውና ሁለት ሴት ልጆቻቸው ከዚህ በሚላክላቸው እንደሚያድሩ ሠራተኞቹ ነገሩኝ። እሳቸው ስለ ራሳቸው አይናገሩም። ሁለት ረዳት ሴቶች ይዘው በቀን ለመቶ ሰው የበቆሎ ቂጣ ይጋግራሉ፣ ሽሮ ይሠራሉ፣ በዚያ ላይ ለጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ሻይ ያፈላሉ። እኔ ከጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ተቆጠርኩ። በየማለዳው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አይኔን እያሸሁ ስመጣ ወተት ያለበት ሻይ በብርጭቆ ይጠብቀኛል።

ሻዩ ጭስ ጭስ ይላል።

ወተቱን የእርዳታ ዱቄት ወተት ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ያኔ በየካምፑ ዱቄት ወተት ነበራ። ጭሱን ደግሞ ከማንቆርቆሪያው ነው አልኩ። እንደ ሳይንስ ሰው ዝም ብዬ አላለፍኩም፣ ማንቆርቆሪያው ቢታጠብ ጥሩ ነበር ብዬ በትሕትና አሳሰብኳቸው። እትዬ "እሺ ልጄ" ብለው እዚያው ፊት ለፊቴ በአሸዋና በአመድ ፈትገው አጠቡት። በማግስቱ ሻዩ ያው ጭስ። ደግሜ ነገርኳቸው፣ ደግመው አጠቡ። በሦስተኛው ማንቆርቆሪያው ፊቴን እስኪያሳየኝ አበራ፣ ሻዩ ግን ከማዕድ ቤት ቃጠሎ የተረፈ ይመስል ነበር። ተስፋ ቆርጬ ደብተሬ ላይ "የወጥ ቤት ንጽሕና" በሚለው ሥር ጻፍኩ፦ ማንቆርቆሪያው በሚገባ አይታጠብም።

ጥናቱ እንዲህ ነበር። ቀን ቀን ሊጥ ከመቦካቱ በፊት ዱቄቱን እመዝናለሁ። ሠራተኞቹ ወዲያው "ሚዛኑ" የሚል ስም አወጡልኝ፤ ሳልፍ "ሚዛኑ መጣ፣ ሆድህን ደብቅ" ይላሉ። ምሽት ሲገቡ መጠይቄን እሞላለሁ። ቁርስ ምን በላችሁ ስላቸው የጠየቅኳቸው ሁሉ በአንድ አፍ "ሻይ" ይለኛል። የቤተሰብ ብዛት ስላቸው ደግሞ አገር ቤት ያለውን አያት፣ አክስት፣ የአክስት ልጅ፣ የጎረቤት ወላጅ አልባ ሁሉ ይጨምሩልኛል። በመጀመሪያው ሰንጠረዤ መሠረት በአንዲት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከአምስት መቶ ሰው በላይ ያድር ነበር፤ ተደራርቦ መሆን አለበት።

ከመጋዘን የሚወጣውን ዱቄትና እኔ መዝኜ ሊጥ ሲሆን ያየሁትን ዱቄት ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ግን አልገናኝ አለ። በሳምንት ከአንድ ኩንታል በላይ ዱቄት ከመጋዘን ይወጣል፣ ሊጥ ግን አይሆንም። ሦስት ሳምንት ተከታትዬ መዘንኩ፣ ሦስቱንም ሳምንት ጎደለ። በቀይ እርሳስ "ልዩነት" ብዬ አሰመርኩበት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ራሴን አድንቄ አላውቅም። ያን ያህል ዱቄት አይጥ ቀርቶ ጎሽ ቢገባበት አይጨርሰውም፤ ስለዚህ እየተሰረቀ ነው። ደስታዬን የማካፍለው ሰው አጥቼ ወረቀቱን ለመጋዘን ኃላፊው ወስጄ አሳየሁት።

የመጋዘን ኃላፊው ሰውነቱ ቀጭን፣ ቃሉ ጠንካራ የሆነ ሰው ነው። የመጋዘኑ በር ላይ በቀይ ቀለም "የእርሻው እህል ከግቢ አይወጣም" ብሎ ያስጻፈው እሱ ነው። ወረቀቱን አየ፣ ጓድ አበጀህ አለኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ሐሙስ ኮሚቴ እንደሚቀመጥ፣ ወጥ ሠሪዋ እንደሚባረሩ፣ እኔም ጥናቴን እንደማቀርብ ነገረኝ። ከዚያ ስወጣ ነው የሠራሁትን ያወቅሁት። ዱቄት መዝኜ ነበር የመጣሁት፤ አሁን ሰው ሊባረር ነው።

ወሬ በካምፕ ውስጥ ከመኪና ይፈጥናል። ምሳ ሰዓት ላይ ማንም አላዋራኝም፤ "ሚዛኑ መጣ" የሚለኝ እንኳ ጠፋ። ይህ ከስድብ ይከፋል። ከሰዓት በኋላ ክፍሌ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሳለ እትዬ መጡ። እጃቸው ዱቄት እንደነካ ነው። ይረግሙኛል ብዬ ተነሳሁ። እሳቸው ግን ዕቃዎቼን ሁሉ ተራ በተራ ተመለከቱ፤ ሚዛኑን፣ መጠይቁን፣ ቀይ እርሳሱን። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር ጠየቁኝ።

"ስንት ሰዓት ነው የምትነሳው?"

"አንድ ሰዓት ላይ።"

"አይ ልጄ። ያንተ ጥናት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው የሚነሳው፣ የሰዉ ሆድ ግን ከዚያ በፊት ይነሳል። ነገ ሱብሂ ሰግጄ እንደጨረስኩ በርህን አንኳኳለሁ። ወረቀቱን እዚሁ ተወው፤ ዐይንህን ብቻ ይዘህ ና።"

ማግስቱ ረቡዕ ነው። አንኳኩ። ገና ሰማዩ ግራጫ ሳለ ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ የመስኖው ቦይ አጠገብ ወሰዱኝ። ሦስት የአፋር ሴቶች ቆመዋል፤ ጀርባቸው ላይ ከዘንባባ ቅጠል ጥብቅ ተደርገው የተሠሩ የወተት ዕቃዎች። የፊተኛዋ ረጅም፣ ጠይም፣ ከእትዬ በዕድሜ ጥቂት የምትበልጥ ሴት ናት። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ የሚጋሩት ቋንቋ ሃያ ቃል ቢሆን ነው፣ ግን ሃያዋን ቃል አገላብጠው እንደ ሁለት መቶ ይጠቀሙባታል። የአፋሯ ሴት ወተቱን ወደ ትልቁ ድስት አንቆረቆረች። እትዬ በእርዳታ ዘይት ጣሳ ዱቄት እየሰፈሩ የሴትዮዋ ስልቻ ውስጥ አደረጉ። በመጨረሻ ሁለቱም ምራቂ ጨመሩ፤ አንዷ ጭልፋ ወተት፣ አንዷ እፍኝ ዱቄት። ማንም አልተከራከረም።

ኩንታሉ ተገኘ። ምላሴ ግን ሊታሰር አልፈለገም፣ ጥያቄ ማዝነብ ጀመርኩ። በበጋ ወተቱ ሲደርቅስ ምን ይሆናል አልኳቸው። ዱቄቱን ይወስዳሉ አሉ። ያለ ወተት? ያለ ወተት። መንገዱ ተቆርጦ የእህል መኪና ሲቀርስ? ወተቱን ያመጣሉ። ያለ ዱቄት?

"አንተ ልጅ፣ ባለፈው ክረምት መኪና አሥራ ስምንት ቀን ቀርቶብን ነበር። መቶ ሰው በምን አደረ መሰለህ? በእሷ ግመሎች ነው ያደረው። እሷ ያኔ ስንት ነው ብላ አልጠየቀችኝም።"

ይህን የመሰለ ነገር በአራት ዓመት ትምህርት አልሰማሁም። እኛ ኮሌጅ ውስጥ እርሻው የገበሬ፣ ከብቱ የአርብቶ አደር፣ ሁለቱ ደግሞ በየምዕራፋቸው ተለያይተው ነበር የምናጠናቸው። እዚህ ሁለት ሴቶች ቦይ ዳር ቆመው ምዕራፎቹን አንድ ላይ ሰፍተዋቸዋል። የአንዷ ጓዳ ሲጎድል የሌላዋ ይሞላል፤ ለዚህ የተቀመጠ ኮሚቴ የለም።

እንደለመድኩት ወደ አፋሯ ሴት ዞር ብዬ ስንት ልጅ አለሽ አልኳት። አየችኝ፣ ለእትዬ አንድ ነገር አለችና ሁለቱም ሳቁ። እትዬ ልጅና ግመል እዚህ አገር እንደማይቆጠር ነገሩኝ። ታዲያ ስንት ሰው እንደሚበላ በምን ያውቃሉ? ከዱቄቱ ነዋ፣ አሉ። ባለፈው ወር ሴትዮዋ ለገንፎ ብላ በየቀኑ ሁለት እፍኝ ጨምራ ወሰደች፤ አራስ ቤት አለ ማለት ነው፣ አልሃምዱሊላህ ብለው ጨመሩላት። የአፋሯም ሴት ብትሆን እንዲሁ ናት፤ አዲስ ለቃሚ የጫነ መኪና ካምፑ ሲገባ አሻግራ ታያለች፣ በማግስቱ ሁለት የወተት ዕቃ ጨምራ ትመጣለች። እኔ የሠራተኛውን ቁጥር ለማግኘት ማመልከቻ ጽፌ አሥር ቀን ደጅ ጠንቻለሁ፤ ያገኘሁት ቁጥርም ስህተት ነበር።

ግን ለምን ተጀመረ? ይህን ስጠይቃቸው እትዬ ድስቱን እያማሰሉ ነገሩኝ። የመጡበት ዓመት ለቃሚዎቹ በቂጣና በሽሮ ብቻ ሲኖሩ፣ ወራት ሲያልፍ ፀሐይ ስትጠልቅ ዐይናቸው ማየት እያቆመ መጣ። ዳፍንት። ጎረምሳው ሁሉ ማታ ማታ እየተያያዘ ከማሳ ይመለሳል፤ አንዱ ቦይ ውስጥ ገብቶ ሊሞት ነበር። እትዬ ደግሞ ከቦዩ ማዶ ያሉት የአፋር ልጆች በጨለማ ፍየል ተከትለው ሲሮጡ ያያሉ። እኛ የምንበላውን አይበሉም፣ እኛ የማንጠጣውን ይጠጣሉ፤ አሉ ለራሳቸው። በማግስቱ አንድ ጣሳ ዱቄት ይዘው ቦዩን ተሻገሩ። ሁለት ወር ሳይሞላ ካምፑ ውስጥ ዳፍንት ጠፋ።

እኔ ዳፍንትን አውቀዋለሁ። ከየትኛው ቪታሚን እጥረት እንደሚመጣ ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። እሳቸው ማዶ ያሉ ልጆች ሲሮጡ አይተው ነው የደረሱበት፤ ያውም መድኃኒቱን ጨምረው።

ታዲያ ሠራተኛው በየማለዳው ወተት ጠጥቶ እያለ ቁርሱን ሁልጊዜ ሻይ ብሎ የሚነግረኝ ለምንድን ነው? ወረቀት ለያዘ ሰው ሻይ በሉት ብያቸዋለሁ አሉ። የመጋዘኑ በር ላይ የተጻፈውን ያውቁታል። እህሉ ከግቢ እንደሚወጣ ከተናገሩ ጥፋተኛ ናቸው፤ ካልተናገሩ ሌባ ናቸው። እኔ ነበርኩ በሁለቱ መሀል ያስገባኋቸው።

"እኔን ቢያባርሩኝ አላህ ያውቃል" አሉ፣ አሁን ሳያዩኝ። "ወሎ የሚጠብቀኝ ማሳ የለኝም እንጂ መንገዱን አውቀዋለሁ። ግን የምትተካኝ ሴት ቦዩን ትሻገራለች? እሱን ንገረኝ።"

ከአዲሱ ወተት በጣሳ ቀድተው ሰጡኝ። ወደ አፌ አስጠጋሁት። ጭስ ጭስ ይላል።

የአፋር ሴቶች ወተቱ እንዳይበላሽ ዕቃውን በእንጨት ጭስ እንደሚያጥኑት የገባኝ ያኔ ነው። ቀና ስል ማንቆርቆሪያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እንደ ጨረቃ ያበራል። እትዬም ወደዚያው አዩ። ሦስት ጊዜ ፈትገው ያጠቡት ለምን እንደሆነ ያኔ ተረዳሁ፤ ምክንያቱን ቢነግሩኝ የወተቱ ምስጢር ይወጣልና። ለዚያ ሲሉ ቆሻሻ መባልን ተሸከሙት።

ሐሙስ ኮሚቴው ተቀመጠ። ሥራ አስኪያጁ፣ የመጋዘን ኃላፊው፣ አንድ የሠራተኛ ማኅበር ተወካይና እኔ። ሥራ አስኪያጁ ሸምገል ያሉ፣ ሙቀቱ ፀጉራቸውን ሳይሆን ትዕግሥታቸውን የጨረሰባቸው ሰው ናቸው። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ከእኔ በፊት ሞቷል። እትዬ ለሁላችን ሻይ ቀዱና እንዲጠብቁ ስለተነገራቸው በሩ አጠገብ ቆሙ።

የመጋዘን ኃላፊው የእኔን ወረቀት ከፍ አድርጎ አነበበ። የገዛ ቀይ መስመሬ በሰው አፍ ሲነበብ እንደዚያ ያስጠላል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከዚያ ጓድ ተማሪ ያብራራ ተባለ። ተነሳሁ። ጓዶች፣ ስሌቱ ልክ ነው፣ ድምዳሜው ግን ስህተት ነው አልኩ። ዱቄቱ አልተሰረቀም፣ በወተት ተለውጧል። ከዚያ ስለ ዳፍንት፣ መኪና ስለ ቀረበት ክረምት፣ ስለ ግመሎቹ ተናገርኩ። በአቅራቢያው ያሉ አርብቶ አደሮችና የእርሻው ሠራተኞች የተዋጽኦና የእህል ልውውጥ ሥርዓት ብዬም ረጅም ስም አወጣሁለት፤ በዚያ ዘመን ረጅም ስም ያለው ነገር በቀላሉ አይታሰርም ነበር።

የመጋዘን ኃላፊው አልተበገረም። የሚያምር ተረት ነው፣ አለ፤ ግን በዚህ ካምፕ ወተት አይቶ የሚያውቅ ሰው አለ? ሥራ አስኪያጁም ብርጭቋቸውን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ።

"እውነቱን ነው። የታለ ወተቱ?"

"ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ እጅዎ ላይ ነው።"

ሁሉም ብርጭቆውን አየ። ሥራ አስኪያጁ ሻያቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፣ ከዚያ በሩ አጠገብ ወደ ቆሙት ሴት ዞሩ።

"እትዬ፣ ይሄ የዱቄት ወተት አይደለም እንዴ?"

"የዱቄት ወተት ካለቀ ስድስት ወሩ ነው፣ ጓድ።"

ይህን ከእሳቸው በላይ ማወቅ የነበረበት የመጋዘኑ ኃላፊ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ባዶ መደርደሪያውን እየጠበቀ በየማለዳው ወተት በሻይ ጠጥቷል። የማኅበሩ ተወካይ ወደ ጣሪያው አንጋጦ የሞተውን ማራገቢያ መመርመር ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ ብርጭቆውን እስከ መጨረሻው ጨለጡና ወደ እትዬ ዘረጉት።

"ይድገሙኝ" አሉ።

ውሳኔው ይኸው ነበር። ቃለ ጉባኤው ላይ የእኔ ረጅም ስም ተጻፈ። በማግስቱ የመጋዘኑ በር ላይ ካለው ጽሑፍ ፊት በሌላ ቀለም፣ በሌላ እጅ "ያለ ፈቃድ" የሚል ተጨመረበት፤ የእህል ፈቃድ ሰጪ ሆነው የተመደቡትም እትዬ ናቸው። ለቃሚዎቹ ስሜን መለሱልኝ። እኔም የቀረኝን ጊዜ ሁሉ ሱብሂ ላይ እየተነሳሁ ቦይ ዳር ተማርኩ፤ ከዚያ በኋላ የተማርኩት ሁሉ ለዚያ ማብራሪያ ነው ብል፣ ይህን ጊዜስ እያጋነንኩ አይደለም። በጽሑፌ ውስጥ የልውውጡ ምዕራፍ ከሁሉም በላይ ተመሰገነ፣ እኔም በማዕረግ ተመረቅሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የምግብ ዋስትና ስብሰባ ሰመራ ሄጄ ነበር። ያ ጥቁር ድንጋይ አስፋልትና ሆቴል አብቅሏል። ቁርስ ላይ ከአጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ባለሙያ ሻዩን ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ፣ ማንቆርቆሪያችሁን እጠቡ እንጂ አላት አስተናጋጇን። ልመክረው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት፤ ምክር ለመስጠት መብት የለኝምና።

ምክንያቱም የእኔ መመረቂያ ጽሑፍ ዛሬም ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተጠርዞ አለ፣ "የወጥ ቤት ንጽሕና" የሚለውም ክፍል እንዳለ ነው፦ ማንቆርቆሪያው በሚገባ አይታጠብም። ለማረም ጊዜ ነበረኝ፣ ረስቼውም አይደለም። መምህሬ ሳምንታት ሙሉ የጠጣኸውን ወተት አላወቅኸውም ወይ እንዳይሉኝ ፈርቼ፣ እያወቅሁ ነው የተውኩት።